መፍታትና መግጠም

በአማርኛ «ፈታ» የማይገባበት ቤት የለም። ቅኔ ይፈታል፤ ሕልም ይፈታል፤ እስረኛ ይፈታል፤ ትዳር ይፈታል፤ ቡሎንም ይፈታል። «ገጠመ»ም ከዚህ አያንስም። ገጣሚ ቃል ከቃል ይገጥማል፤ አናጢ ሳንቃ ከሳንቃ ይገጥማል፤ መካኒክ ሞተር ይገጥማል። እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እነዚህን ሁለት ቃላት በየክፍሉ ስንሰማቸው፣ በየደብተሩ ስንጽፋቸው ኖረናል። ክብደታቸውን ያየነው ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ያየንበትም ቦታ ላይብረሪ ሳይሆን የአንዲት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ አፍንጫ ሥር ነበር።

«በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ደግሞ የመኪና ወሬ ምን አመጣው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ፍርዱን እስከ መጨረሻው ያቆይልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አባት የላዳ ታክሲ ሹፌር ናቸው። አምስት ነፍስ የሚያድረው፣ የታናናሾቹ የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፈነው፣ ለጓደኛችንም ለፎቶ ኮፒና ለሳሙና የምትላከው ብር የምትገኘው ከዚያችው መኪና ነው። በሰኔ መጨረሻ መኪናዋ ከፊት በኩል ዘይት ማንጠብጠብ ጀመረች። መጀመሪያ ጠብታ ብቻ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን በየጠዋቱ ዘይት ሳይጨምሩ መውጣት የማይቻል ሆነ። ዘይቱ ቺንጋው ላይ ይረጫል። ቺንጋው ሲንሸራተት ዲናሞው ባትሪ አይሞላም፤ ውሃ የሚያዞረው ፖምፓ ይደክማል፤ ሞተሩ ይግላል። አባትየው ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዷት። እዚያ ሁለት ጎረምሶች ቀኑን ሙሉ ሲታገሉ ዋሉና አልሆን ሲላቸው የፑሌጃውን ጠርዝ በመዶሻ ሸረፉት። በመጨረሻም «ይኼ በእሳት ተቆርጦ ካልሆነ አይወጣም» ብለው መለሷት።

ከዚያ ነው ልደታ አካባቢ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የሄድነው። ክረምት ስለሆነ ትምህርት የለም፤ የመካኒኩ ተለማማጅ አገር ቤት ገብቷል፤ እጅ ያስፈልጋል። እኛ አራት ነን፤ ስምንት እጅ ማለት ነው። የስምንቱም እጅ ሙያ እስክሪብቶ መያዝ ብቻ ነበር።

ለማያውቅ እናስረዳ። በዚያ ሞተር ውስጥ አራት ፒስተኖች ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳሉ። ይህን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር የሚለውጠው ክርን ክርን ያለው ወፍራም የብረት ዘንግ ክራንክ ሻፍት ይባላል። የዘንጉ የኋላ ጫፍ ኃይሉን ወደ ማርሽና ወደ ጎማ ይልካል፤ የፊቱ ጫፍ ደግሞ ከሞተሩ ገላ ወጣ ብሎ ይታያል። እዚያ ጫፍ ላይ፣ ጠርዙ ቦይ ያለው ክብ ብረት ይሰካል። ፑሌጃ የሚባለው እሱ ነው፤ አንዳንዱ ፑሊም ይለዋል። ቺንጋው በቦዩ ተጠምጥሞ ዲናሞውንና የውሃውን ፖምፓ ያዞራል። ዘንጉ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ከፑሌጃው ጀርባ፣ ዘይት እንዳያመልጥ የምትጠብቅ አንዲት የጎማ ቀለበት አለች፤ ፓራኦሊዮ ትባላለች። የመኪናዋ በሽታ እሷ ነበረች፤ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። ዋጋዋ ከሁለት ሰው ምሳ አይበልጥም። እሷን ለመለወጥ ግን ፑሌጃው መውጣት አለበት፤ ፑሌጃው ደግሞ አልወጣም ብሏል።

ገና መሣሪያ አቀብሉ ስንባል ጆሯችን ሥራ አገኘ። ፑሌጃ፣ ቺንጋ፣ ቡሎን፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፤ የጋራዥ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የጭነት መኪናውና የመንገድ ሥራው በብዛት ገባ። ወራሪው ተባረረ፤ ቃሉ ግን ቀረ። ቀርቶም አልቦዘነም፤ ስለ ሰው ጠባይ ስናወራ «ፍሬን በጠሰ»፣ «ማርሽ ቀየረ» እስከምንል ድረስ አማርኛ ሆነ። የሚያስደንቀው ላዳዋ ራሷ የጣሊያን ዘር ያላት መሆኑ ነው። ላዳ የተቀዳችው ከፊያት 124 ነው። ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር ተዋውሎ ፋብሪካውን ያቆመው በቮልጋ ዳር በምትገኘው በቶሊያቲ ከተማ ሲሆን፣ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ1964 በሞተው በጣሊያን ኮሚኒስቶች መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም የተሰየመች ናት። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች እ.ኤ.አ. በ1970 ወጡ። እንግዲህ ጣሊያን የነደፋት፣ ሩስያ የሠራት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ክፍሏ በጣሊያንኛ እየተጠራ በአማርኛ ግስ የምትፈታ መኪና ፊት ተቀምጠን ነበር። ንጽጽራዊ ጥናት ይሏችኋል ይኼ ነው!

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ቡሎኑ ነበር። ባትሪው ተነቀለ፤ ራዲያተሩ ወጥቶ ቦታ ተገኘ፤ ዲናሞው ላላና ቺንጋው ወለቀ። ፑሌጃውን ዘንጉ ላይ የሚያስረው አንድ ትልቅ ቡሎን ነው፤ 38 ቁጥር ቁልፍ ይወስዳል። ግንባሩ ላይ ጥርስ አለው፤ ባትሪ በደከመ ጊዜ ሞተር በእጅ የሚያስነሣው ማኖቬላ የሚገባበት ነው። ፋብሪካው እንዲጠብቅ የሚያዘው ከ101 እስከ 126 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በእኛ መለኪያ ሲነገር፣ ግማሽ ሜትር በሚሆን ቁልፍ ጫፍ ላይ ሩብ ኩንታል ጤፍ ያህል ማንጠልጠል ማለት ነው። ይህ ሲታሰር ነው፤ ከስንት ዓመት ዝገት በኋላ ሲፈታ ከዚህም ይብሳል።

ችግሩ ቡሎኑን ስታዞሩት ሞተሩም አብሮ መዞሩ ነው። መካኒኩ አራተኛ ማርሽ አስገቡ፤ የእጅ ፍሬኑ ተሳበ፤ ከእኛ አንዱ የእግር ፍሬኑን ረግጦ ተቀመጠ። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ ልዙር ቢል ጎማዎቹን ማዞር ይኖርበታል፤ ጎማዎቹ ደግሞ ታስረዋል። አባትየው ትዕግሥታቸው አልቆ ኖሮ «ጋሼ፣ ቁልፉን ከሻንሲው ጋር አስደግፈን ሞተሩን አንዴ ብንቀሰቅሰው በራሱ ጉልበት ይፈታው የለ?» አሉ። ብዙ ሰው የሚሠራበት ዘዴ ነው። መካኒኩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይፈታዋል። ቁልፉ ከሾለከ ግን የሰው እጅ ይዞ ይሄዳል።»

ቁልፉ ላይ የአንድ ሜትር ቱቦ አጠለቁና ሦስታችን ቀስ ብለን ተጫንነው። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ እንደ ደረቅ እንጨት ጧ! አለ። የተሰበረ ነገር አልነበረም፤ ቡሎኑ ነው የተፈታው።

ፑሌጃው ግን ንቅንቅ አላለም። ፑሌጃ ዘንጉ ላይ የሚቀመጠው እንደ ጠባብ ቀለበት ጣት ላይ ነው፤ ክፍተት የለም ማለት ይቻላል። በዚያች ጠባብ ቦታ ውሃና አቧራ ገብቶ ብረቱ ሲዝግ፣ ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ እንደ ሽብልቅ በሁለቱ መካከል ገብቶ ያጣብቃቸዋል። የሚታይ ነገር የለም፤ ከላይ ሲያዩት ሁለቱ ብረቶች ጤነኞች ናቸው።

አባትየው ከዚህ በላይ አልቻሉም። «በመዶሻ በሉት እንጂ! ዛሬ ካልተነሣች ነገ ምን ይበላል?» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ።

መካኒኩ አልተቆጡም። «የኔ ወንድም፣ ጠርዙን ብመታው ጠርዙ ይሰበራል። ዘንጉን ብመታው ምቱ ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። የተያዘው መሀሉ ነው። ጠርዙ ምን አጠፋ?» አሏቸው።

ይህን ቃል ማታውኑ በየደብተራችን ጻፍነው። ጠርዙ ምን አጠፋ? በስንት ስብሰባ፣ በስንት ክርክር፣ በስንት ሒስ ላይ ያየነው ነገር በዚህች ጥያቄ ውስጥ አለ። ሁሉም የሚመታው የሚታየውንና የሚደረስበትን ጠርዝ ነው። ጠርዙ ይሸረፋል፤ የተያዘው እንደተያዘ ይቀራል። ቅኔ ሲፈታም ያው ነው። ሰሙና ወርቁ የተጣበቁት በአንዲት ኅብረ ቃል ላይ ነው፤ እሷን ሳያገኙ ስንኙን ሁሉ ቢደበድቡት ስንኙ ይሰበራል እንጂ ወርቁ አይወጣም። ጉልበት አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ቡሎኑን የፈታው የሦስት ሰው ጉልበት ነው። ነገር ግን ጉልበት የሚያርፍበትን ቦታ ካላወቀ ጥፋት ነው።

መካኒኩ ላምባና ቀጭን ዘይት ቀላቅለው በዘንጉና በፑሌጃው መጋጠሚያ ዙሪያ አንጠባጠቡ። ከግድግዳው ላይ ባለ ሦስት እግር መሳቢያ አወረዱ፤ ከብዙ ዓመት በፊት ቶርኖ ቤት ያሠሩት ነው። እግሮቹን በተሸረፈው ጠርዝ ሳይሆን ወደ ውስጥ አስገብተው ከፑሌጃው እምብርት ጀርባ አስያዙ። የፈታነውንም ቡሎን እስከ ግማሹ መልሰው አስገቡት። መሳቢያው ሲገፋ የዘንጉን ጥርስ እንዳያበላሽ፣ ፑሌጃውም ድንገት ቢለቅ ተፈናጥሮ ሰው እንዳይመታ ነው። ከዚያ መሳቢያውን እንደ ክራር አውታር እስኪወጠር አጠበቁት። ራሱን በትንሽ መዶሻ ሁለቴ ኳ ኳ አደረጉና አንድ ሩብ ዙር ጨመሩ። ደግሞ ኳ ኳ። በመጨረሻ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና «በቃ፤ ይደር» አሉ።

ይደር። ለእኛ ቀላል ቃል ናት፤ የቤት ሥራም ይደር ይባላል። ለአባትየው ግን መኪናዋ ከቆመች ሦስተኛ ቀን ነው። ፑሌጃው ቢሰበር ሌላ ፍለጋ ሶማሌ ተራ መንከራተት አለ፤ ለዚያ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከመኪናዋ ነው። መካኒኩ ዕቃ ሲሰበስቡ አባትየው ትልቁን መዶሻ ከመሬት አነሡት። አንሥተው ፑሌጃውን እያዩ ለረጅም ጊዜ ቆሙ። መካኒኩ አዩአቸው፤ ምንም አላሉም። እኛም ትንፋሻችንን ያዝን። አባትየው መዶሻውን መልሰው አስቀመጡና «እግዜር ያሳድረን» ብለው ወጡ። ማታ ሻይ እየጠጣን ጓደኛችን «ካልተነሣች መስከረም ላይ አልመለስም፤ ሥራ ነው የምፈልገው» አለ። ቀልድ መስሎን ቀና ስንል ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

ያን ማታ ስለ አንድ ዓመት ብዙ አወራን። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አዲስ አበባ ገቡ። በዚያው ዓመት አጤ ምኒልክ ሠራተኛን በእጁ ሙያ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው በሙያቸው ስም ይሰደቡ ነበርና አዋጁ አስፈለገ። መኪናውና አዋጁ አንድ ዓመት መግባታቸው ግጥምጥሞሽ ሊሆን ይችላል፤ ግን መኪና ቀጥቃጭ በሌለበት አገር አንድ ወር አይኖርም። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ዛሬም ብዙ ወላጅ ልጁን የሚያስፈራራው «ካልተማርክ ጋራዥ ትገባለህ» እያለ ነው። ለመሆኑ እኚህ ሽማግሌ አልተማሩም? መቼ እንደሚገፉ፣ የት እንደሚይዙ፣ መቼ እጃቸውን እንደሚሰበስቡ የሚያውቁ ሰው ያልተማሩ ከሆነ፣ ተማረ የሚባለው ማን ነው?

በማግስቱ ጠዋት መካኒኩ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ አስመጡ። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ፑሌጃው ከዘንጉ ቀድሞ ከሞቀ ቀዳዳው በጥቂቱ ይከፈታል። «እሳትስ ለምን አይሆንም፣ አባባ?» ስንላቸው፣ ወለሉ ላይ የተኛውን ዘይት በጣታቸው አሳዩን። ውሃውን በእምብርቱ ዙሪያ ቀስ ብለው አፈሰሱና ለጓደኛችን ቁልፉን ሰጡት። «አንተ አዙር። ሩብ ብቻ።»

አዞረ። ሲጥ አለ። የጸጉር ያህል ነጭ መስመር በዘንጉ ላይ ታየ። ሌላ ሩብ። መስመሩ ሰፋ። ሦስተኛው ላይ መሳቢያው በድንገት ቀለለ፤ ፑሌጃው ወጥቶ በቡሎኑ ራስ ላይ ተንጠለጠለ። መካኒኩ እንዳሉትም ማንንም አልመታም። ከውስጡ ቀይ የዝገት ዱቄት ዘንቦ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቤተሰብ ያሰረው ነገር አንድ ማንኪያ አይሞላም ነበር። አባትየው ጎንበስ ብለው ዱቄቱን በጣታቸው ነካ አደረጉትና ሳቁ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ሲስቁ ያየናቸው ያኔ ነው።

የቀረው መግጠም ነው። ከመፍታት አይቀልም። በዘንጉ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ብረት አለች፤ ፑሌጃው ዘንጉ ላይ እንዳይዞር የምታግደው እሷ ናት። እንዳትጠፋ መጀመሪያ በወረቀት ተጠቀለለች። አሮጌዋ ፓራኦሊዮ ወጣች፤ የአዲሷ ከንፈር ዘይት ተቀብቶ ቀጥ ብላ ገባች። የዘንጉና የፑሌጃው መጋጠሚያ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፤ ስስ ግራሶ ተቀባ። ፑሌጃው የሚመለሰው በመዶሻ እየተመታ አይደለም፤ ከግማሽ ጨረቃዋ ጋር ተስተካክሎ በቡሎኑ እየተሳበ ቀስ ብሎ ይገባል። ቺንጋውም በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲረግብ ተደርጎ ይወጠራል። ከዚህ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፤ ከጠበቀ የዲናሞውንና የፖምፓውን ኩሽኔታ ይበላል።

መካኒኩ ሥራውን ሲጨርሱ «እናንተ ልጆች፣ ለመሆኑ የምትማሩት ምንድን ነው?» አሉን።

«ግጥም፣ አባባ» አለ ከመካከላችን አንዱ።

«የምን ግጥም?»

«የቃል። ቃል ከቃል መግጠም።»

ጥቂት አሰቡና «ጥሩ ነው። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ግን እጃችሁ ላይ ትርፍ ቡሎን እንዳይቀር» አሉ። ከመምህራኖቻችን ያገኘነው ሒስ ሁሉ በአንድ በኩል፣ ይህች ዐረፍተ ነገር በሌላ በኩል ብትመዘን የትኛዋ እንደምትደፋ አንባቢ ይፍረድ።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በ2016 ዓ.ም. ተነግሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ክራንክ ሻፍት የለውም። አንድ ቀን ያ ባለ ሦስት እግር መሳቢያ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ይቀር ይሆናል። እስከዚያው ግን ያረጁት ሞተሮች የሚኖሩት፣ ከእነሱ ጋር የሚያድረውም ቤተሰብ የሚያድረው፣ በእነዚህ እጆች ነው። «የተያዘው የቱ ጋ ነው?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ደግሞ ከየትኛውም ሞተር ጋር የሚያረጅ አይመስለንም።

ላዳዋ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ወጣች። አባትየው ማታ ሲገቡ ከሞተሩ ሥር ጋዜጣ አነጠፉ። ጠዋት ስናየው ጋዜጣው ደረቅ ነበር፤ ፊደሉ ሁሉ ይነበባል። ጓደኛችንም መስከረም ላይ ከእኛው ጋር ተሰልፎ ተመዘገበ።